ሳይመሽ የታየ አገር

ሐሙስ፣ መስከረም 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ሶዶ

ከቢሮ ስመለስ ደገፉ መኪናዋን አጥቦ፣ የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ፀሐይ ላይ አስጥቶት አገኘሁት።

"የት ልትሄድ ነው?" አልኩት።

"የት ልንሄድ ነው በይ" አለኝ።

የዓመት ፈቃዴን እንድወስድ ይፈልጋል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ እንዳለፈ አገሩን እንዙር ነው የሚለው። የአጆራን ፏፏቴ፣ ገሱባን፣ ከዚያ ማዜ ፓርክን፣ መጨረሻ ሃላሌን። እሱ አገሩን ያውቀዋል። ከሃያ ዓመት በላይ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ሆኖ ስንዴ ጭኖበታል፣ ነርስ ጭኖበታል፣ አንዳንዴም ሬሳ። ድርጅቱ ሲዘጋ ያችኑ አሮጌ ላንድክሩዘር በጨረታ ገዝቶ ቤት ገባ። እኔ ደግሞ በዞኑ መምሪያ ጸሐፊ ሆኜ የየወረዳውን ስም ስተይብ ኖርኩ። "ኪንዶ ዲዳዬ" ብዬ ስንት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ በየት በኩል እንደሆነ ብጠየቅ ግን አላውቅም። ከተጋባን ወዲህ አብረን የሄድነው ሐዋሳ ለሠርግ፣ አርባ ምንጭ ለለቅሶ ነው።

"ምነው ዘንድሮ?" አልኩት።

"ክረምቱ ወጣ፣ ሰማዩ ጠራ። ከዚህ የተሻለ መቼ ልታዪው ነው?"

እውነቱን ነው። የዳሞታ ተራራ ዛሬ ከግርጌው እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ይታያል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልጃችን ሳሚ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብናል፤ ሁለት ቃል ተለዋውጠን የምንተኛበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ዝም ብሎ የከረመ ሰው በድንገት "እንሂድ" ሲል ያስፈራል። ለምን እንደሚያስፈራ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 15

የበዓል ገበያው እግር አያስገባም። ቅቤ ስመርጥ ጎረቤታችን ዓመለወርቅ አገኘችኝ።

"ባልሽን አኩርፌዋለሁ" አለችኝ። "በፍልሰታ ሐዋሳ ሄጄ አልነበር? ፊት ለፊቴ መጣ። ፈገግ ብዬ እጄን ባውለበልብለት እንደማያውቀኝ ሰው አልፎኝ ሄደ።"

"ሌላ ሰው ይሆናል።"

"እኔ ደገፉን ልስተው?"

በፍልሰታ ሳምንት ደገፉ "መለዋወጫ ፍለጋ አረካ ነኝ" ነበር ያለኝ። አዳሩንም እዚያው ነው ያደረገው። ማለትም እንደዚያ ነው ያለኝ።

ልጠይቀው አስቤ ገባሁ። ራት አቀረብኩለት። አልጠየቅኩትም። ነገ በዓል ነው።

እሑድ፣ መስከረም 16

ዮ ዮ ጊፋታ! ቤቱ ሰው ሞልቶ ዋለ። ደገፉ በቅቤ የራሰውን የቆጮ ሙቿ ለእንግዶቹ ሲያቀርብ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ መስሎት አየር ላይ ለቀቀው። ቅቤው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። "አረጀ!" ብለው ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ልቡ ሌላ ቦታ ነው አልኩ።

ሐሙስ፣ መስከረም 20። አረካ

ተነሣን። አለቃዬ ፈቃዱን የፈረመልኝ "ከግምገማው በፊት ተመለሺ" ብሎ ነው። ቢፒአር በሚሉት የሠራተኛ ድልድል ምክንያት የማን ወንበር እንደሚነሣ ስለማይታወቅ ሁሉም ወንበሩ ላይ ተጣብቆ ተቀምጧል። እኔ ብቻ ሽርሽር ወጣሁ።

አጆራን አየሁት። ሁለቱ ወንዞች ጎን ለጎን ከገደሉ ይወረወራሉ፤ ጭስ የሚመስለው ውኃ ወደ ላይ ተመልሶ ፊት ያረጥባል። ደገፉ ከኋላዬ ቆሟል።

"ንገሪኝ እስቲ" አለኝ።

"ምኑን?"

"የምታዪውን።"

"ዓይን የለህም እንዴ?" አልኩት። የዓመለወርቅ ነገር ሆዴ ውስጥ ስለነበረ ነው እንዲያ የመለስኩለት።

"በአንቺ አፍ ሲነገር ሌላ ነው ብዬ ነው" አለ። እንደ ምንም ቀለል አድርጌ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ እንደ ስብከት ሰማኝ።

አርብ፣ መስከረም 21። ጉኑኖ

የድሮ የሥራ ባልደረባው አብርሃም ዘንድ አረፍን። ዝንጅብል ያመርታል፤ ቤቱም ልብሱም ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። ደገፉ ሳይመሽ እንድረስ ብሎ መንገዱን ሙሉ ሲያስጨንቀኝ ዋለ፤ በጊዜ ስንደርስ ሰዎቹ ገና ማሳ ላይ ነበሩ።

ሲመሽ ደገፉ ወደ ደጅ ሲወጣ አብርሃም ክንዱን ይዞት ወጣ። ሁለት ጎልማሶች እንደ ልጆች ተያይዘው።

ከራት በኋላ አብርሃም ለብቻዬ ሲያገኘኝ "እትዬ ጥሩነሽ፣ ደገፉን አታጣድፊው" አለኝ። እኔ ነኝ የማጣድፈው? ሁሉም የሚያውቀው፣ እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር አለ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 22። ገሱባ

መንገዱ ሰው ያንጓልላል። ደገፉ ጉድጓድ አልለይ ብሎ አንጀቴን አላወሰው። ድሮ እንቁላል ብታስጭነው አይሰበርበትም ይባል ነበር።

ያረፍንበት አልጋ ቤት ባለቤት አሳየሽ ትባላለች። ቀጥ ያለች፣ መልከ መልካም ሴት። በረንዳው ላይ ቆማ ስታየን ደገፉ ዝም ብሎ አለፋት። "አንተ ሰው!" ብላ ስትጣራ ግን ፊቱ በራ።

"አሳየሽ! ድምፅሽ አልተለወጠም።"

ድምፅሽ። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ሚስቱ ነኝ፤ ስለ ድምፄ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ተቃቀፉ። ሲለያዩ እጇን አልለቀቀም፤ እስከ ወንበሩ ይዛው ሄደች። ለረሃቡ ሥራ እዚህ ከርሞ እንደነበር አውቃለሁ። የት ያድር እንደነበር ጠይቄ አላውቅም።

እሑድ፣ መስከረም 23

ከጸሎት ቤት መልስ። ልብስ ላወርድ ወደ ጓሮ ስዞር ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ነገርካት?" አለች አሳየሽ።

"ፓርኩን ካየን በኋላ።"

"ደገፉ፣ ኃጢአት ነው። ሚስትህ ነች፤ የማወቅ መብት አላት።"

ልብሱ እርጥብ ነበር። እርጥቡን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ዛሬ ሌላ ነገር አልጽፍም።

ሰኞ፣ መስከረም 24። ከማዜ መልስ

ጦና የሚባል የፓርኩ ስካውት ከኋላ ተቀምጦ መንገድ ያሳየናል። ከክረምቱ የተረፈው ሣር ከመኪናዋ አፍንጫ በላይ ነው። ዙሪያውን ተራራ አጥሮታል፤ እንደ ትልቅ ሳህን ውስጥ የገባን ያህል ነው። ከደገፉ ጋር ከጠዋት ጀምሮ አልተነጋገርንም። ይናገር፣ ይገላግለኝ እያልኩ ነበር።

"ያቁሙ ጋሼ" አለ ጦና በሹክሹክታ። "ቆርኬዎች።"

በግራ በኩል፣ በደገፉ መስኮት በኩል ነበሩ። ቅርብ ናቸው። ቀይ ገላቸው ያብለጨልጫል። አንዷ ጆሮዋን ወደ እኛ አቅንታ ቆማለች፤ ግልገሏ ከሆዷ ሥር ይጠባል። ደገፉ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ በእኔ ትከሻ አሻግሮ፣ ምንም ወደሌለበት ሣር ተመለከተ። ፈገግ አለ።

"እንዴት ያምራሉ!" አለ።

ጦና እኔን አየኝ። እኔም ጦናን አየሁት።

"ግልገልም አላቸው" አልኩ።

"አየሁ" አለ ደገፉ።

ከመኪና ስንወርድ ጦና ጠጋ ብሎ "እትዬ፣ ጋሼን ዓይናቸውን ያማቸዋል?" ሲለኝ "ፀሐይዋ ገብታበት ነው" አልኩት። ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች።

አሁን አልጋው ላይ ተኝቷል። ፓርኩን ካየን በኋላ እነግራታለሁ ያለውን አልነገረኝም። መንገሩም አያስፈልግም። የሐዋሳው ጉዞ፣ የወደቀው ሳህን፣ የአብርሃም ክንድ፣ የአሳየሽ እጅ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። መጀመሪያ የተሰማኝን ልጻፈው፤ ለሰው የምናገረው አይደለም። ደስ አለኝ። ሴት አይደለም! የባሌ ዓይን እየጠፋ ነው፣ እኔም ሴት ባለመሆኗ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ነው የመጣው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። አጆራ ላይ ምን ነበር ያልኩት?

ረቡዕ፣ መስከረም 26

ትናንትም ዛሬም እሱ አልነገረኝም፣ እኔም እንዳላወቀ ሆንኩ። እንዲህ ነው የምንነዳው።

"ፍየል፣ በቀኝ።"

"እሺ።"

"ጉድጓድ። ወደ ግራ ያዝ።"

"እሺ።"

መቼ ነው ረዳት የሆንሽው አላለኝም። ያንን ያህል ቃል ለወራት አልተለዋወጥንም። ሲያፏጭ ሰማሁት። አንዳንድ ጊዜ አካሄዳችን እንደ ጭፈራ ነው፤ እኔ እላለሁ፣ እጁ ይታዘዛል።

ወደ ሶዶ እንመለስ ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ሃላሌን፣ ከአፋፉ ላይ ኦሞን ማየት ከሁሉ በላይ የጓጓለት ነገር ነው። አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀረው። እሱን ይይ፣ ከዚያ እኔው ራሴ ቁልፉን እቀበለዋለሁ። እኔ አለሁ አይደል? ዓይኔ ደህና ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 27። ሃላሌ

ልጅ ገጨን። በሕይወት አለች። ክንዷ ነው። ቀሪውን በኋላ እጽፋለሁ።

አርብ፣ መስከረም 28

የገበያ ቀን ነበር። መንገዱ አህያ፣ ጎደሬ የተሸከሙ ሴቶች፣ ወደ ኦሞ ግድብ ሥራ የሚጣደፉ ሲኖትራኮች። እኔ እየተናገርኩ፣ እሱ እየታዘዘ ይህንን ሁሉ በሰላም አለፍን። ኩራት ኩራት ብሎኛል። ከዚያ አፋፉ ላይ ወጣን፣ ገደሉ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ታች ኦሞ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል፤ ማዶ የዳውሮ ተራሮች ሰማያዊ፣ ከኋላቸው ሌላ ሰማያዊ።

"ደረስን አይደል? ምን ይታያል?" አለኝ።

ያቁም ማለት ነበረብኝ። መንገዱ ባዶ መሰለኝ። ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ እነግረው ጀመር፤ ወንዙን፣ የድሮ ነገሥታት ያስካቡትን ኬላ የሚሉትን የድንጋይ አጥር፣ ካቡ በተረተሩ ላይ እንዴት እየታጠፈ እንደሚወርድ። እሱም መስማቱን ወዶት ነዳጅ መስጠቱን አላቆመም። ጩኸት ሰማሁ። ድብ የሚል ድምፅ ቀጥሎ።

ሣር ተሸክማ በዳር በኩል ትሄድ የነበረች ልጅ ናት። ሣሩ ቦዩ ላይ ተበትኖ እሷ መሃሉ ወድቃለች። ቀኝ ክንዷ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። አታለቅስም። ሣሩን በግራ እጇ ትሰበስባለች።

ሰው ከየት መጣ ሳልል ከበበን። "ምንድን ነው የሆነው?" ሲሉ ደገፉ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

"ፍሬን ነው" አልኩ። "ፍሬኑ አልይዝ አለ።"

ወደ እኔ ዞረ። ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ሲጠይቀው እሱም "ፍሬን" አለ።

አንድ የሲኖትራክ ሾፌር ልጅቷንና እኔን ጭኖ ጤና ጣቢያ አደረሰን። ትዕዛዝ ትባላለች፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክንዷን በእንጨት አስረው ሶዶ ሆስፒታል መሄድ አለባት አሉ። አባቷ አቶ ብሩ ከእርሻ ላይ ሮጦ መጣ፤ እግሩ ላይ ጭቃው አልደረቀም።

ማታ ያረፍንበት ክፍል ውስጥ ደገፉ መብራቱን አጠፋው።

"ለምን ዋሸሽ?" አለኝ።

"አንተስ ለምን ዋሸህ?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከማዜ።"

"ከማዜ? ታዲያ ለምን እንድነዳ ተውሽኝ?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እሱ ግን ነገረኝ። ሐዋሳ ያየው ሐኪም ግላኮማ ነው ብሎታል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታ ይጠብቀው ይሆናል፣ መንዳት ግን ክልክል ነው ብሎታል። "ከዳር ከዳር እየተዘጋ ነው ጥሩዬ። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው።" የአሳየሽ ባል ዓይኑ የጠፋው በዚሁ በሽታ ስለሆነ እሷን ነው ያማከራት። በዚያ በረሃብ ዘመን ባሏን ወደ ሐኪም ቤት ያመላለሰው ደገፉ ነበር።

"ለእኔ ግን አልነገርከኝም።"

"ብነግርሽ ቁልፉን ትቀበዪኝ ነበር።"

"እንዴታ!"

"ይኸው። ስንጋባ አገሩን አሳይሻለሁ ብዬሽ ነበር። ሰው ሁሉ አሳየሁ፣ ፈረንጁን ሁሉ አዞርኩ፣ አንቺን ብቻ ቢሮ ትቼ። ዓይኔ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ አልኩ።"

"እኔ ሴት መስሎኝ ነበር" አልኩት።

"ምኑ?"

"ሐዋሳው። አሳየሽ።"

ሳቀ። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ በጨለማው ውስጥ ፊቱን ፈልጌ ያዝኩት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 29

ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ አቶ ብሩን አገኘነው። የደገፉን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "ሳሮ?" ብሎ ደህና አደራችሁ አለን። ሐሙስ ዕለት ያልሸሸነው ክርስቲያን ስለሆንን ነው አለ። "ብረት ነው። ብረት ከከዳ ሰው ምን ያደርጋል?"

ምስጋና እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር። እንሂድ ብዬ የደገፉን ኮት ጎተትኩት። ይህንንም ልጻፈው፤ ጎተትኩት።

እሱ ግን አልተነቃነቀም። በወላይትኛ ነው የተናገረው።

"ፍሬኑ ደህና ነው። ዓይኔ ነው። አያይም። እንደማያይ እያወቅኩ ነው የነዳሁት።"

አቶ ብሩ እጁን ለቀቀው። ቀስ ብሎ፣ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው። የልጅቷ ዘመዶች ተነሡ፤ አንዱ ዱላውን ጨበጠ። አቶ ብሩ በክንዱ አገዳቸውና ወደ እኔ ዞረ።

"ይህቺስ ሴት? እሷም አታይም?"

"ታያለች" አለ ደገፉ።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አልኩ።

አቶ ብሩ ረጅም ጊዜ አየኝ። "እሱ አላየም" አለ። "አንቺ ግን ዓይን ነበረሽ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ሆነ። ደገፉ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን አስተካከለ፣ መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። መኪናዋ ተሸጣ ለልጅቷ ሕክምና እንድትውል፣ ልጅቷ እስክትድን እኛ ቤት እንድትቀመጥ፣ ፍርድ ቤቱም የራሱን እንዲያይ ተባለ። ሁሉም ተነጋገረ። እኔ ግን የሰማሁት ያችኑ አንድ ነገር ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 1። ሶዶ

ክንዷ በሆስፒታል ተስተካክሎ ጀሶ ታሰረ። የሳሚን ክፍል ሰጠናት። እናቷ አንድ ሌሊት አብራት አድራ ሄደች፤ ሌሎች ልጆች አሉባት። ትዕዛዝ አትናገርም። ከማቀርብላት ግማሹን ትተዋለች።

ደገፉ ጠብታውን ጠዋት ማታ ያደርጋል። የምጨምርለት እኔ ነኝ፤ እየሳትኩ ጉንጩ ላይ ይፈሳል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

ቢሮ ገባሁ። ስገባ ወሬው ተቋረጠ። ከመጋረጃው ወዲያ አንዷ "ባሏ ዕውር መሆኑን እያወቀች እኮ ነው ያስነዳችው፣ ሽርሽር አምሯት" ስትል ሰማሁ። ማን እንደሆነች አልጽፍም። ውሸት ቢሆን ኖሮ እጽፈው ነበር።

ግምገማው ላይ ስሜ አልተነሣም። ቢነሣ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16

ትዕዛዝ ትምህርቷ እንዳያልፋት ከጎረቤት ልጅ ደብተር እየተዋስኩ እገለብጥላታለሁ። ዛሬ ሳይንሱን ስጽፍላት በድንገት ጠየቀችኝ።

"ለምን ፍሬን ነው አልሽ?"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ሰዎቹ እንዳይደበድቡት ብዬ ነው የሚል። እውነትም አለበት። ግን ልጅቷ ፊቴን ነው የምታየው።

"ፈርቼ" አልኳት።

"እሱን እንዳይመቱት?"

"እሱንም። ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ስለነበረ። መንገዱን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ገደሉን እያየሁ ነበር።"

አሰበችበት። "ገደሉ እኮ ሁልጊዜ እዚያው ነው" አለችኝ። ቀጥላ "እኔም ፈርቼ ነበር" አለች። ራቷን ጨረሰች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 29

ፍርድ ቤቱ ደገፉን ቀጣው። ከዕድሜውና ከሽማግሌዎቹ ዕርቅ የተነሣ እስሩ በገደብ ሆነለት፤ ዳግመኛ መንጃ ፈቃድ እንዳያገኝ ተወሰነ። ዳኛው ሲጠይቁት "ልክ ነው" ብቻ ነው ያለው። እኔን ማንም አልከሰሰኝም። ሕጉ ለእኔ አንቀጽ የለውም።

ከፍርድ ቤት ስንወጣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ የመኪኖቹን ድምፅ አዳመጠ። "ይህቺ አይሱዙ ናት። ክላቿ አልቋል" አለ። ክንዴን ሲይዝ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ በሰው ፊት ማለቴ ነው።

አርብ፣ ኅዳር 10

ጀሶው ተፈታ። ክንዷ ቀጥኗል፣ ጥቂት ጠመም ብሏል። ጣቶቿ ግን ይጨብጣሉ። ሐኪሙ በሥራ ይበረታል አለ። ደገፉ "ጨብጪኝ እስቲ" ብሎ እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው። "ጠንክሪ!" ሲላት ጥርሷን ነክሳ ጠነከረች። እኔ መድኃኒት ልግዛ ብዬ ወጣሁ። የሚገዛ መድኃኒት አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ትዕዛዝ ከመሄዷ በፊት ዳሞታን መውጣት አማራት። በእግር ወጣን። ደገፉ መሃል፣ እኛ ግራና ቀኝ። ድንጋይ ሲኖር ትዕዛዝ "ድንጋይ" ትለዋለች፤ ድንጋይ ሳይኖርም እያለችው እግሩን ከፍ ሲያደርግ ትስቃለች።

ላይ ስንደርስ ጉም ወረደብን። ከእጃችን ማዶ ነጭ ብቻ ነው።

"ምን ይታያል?" አለ ደገፉ።

የአባያን ሐይቅ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እውነት ነው፣ ከዚህ ላይ እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ታች ሁምቦን፣ ወዲያ ሐይቁን አሳምሬ ልስልለት እችል ነበር።

"ምንም አይታይም፣ ጉም ነው" አለች ትዕዛዝ።

"ምንም?"

"ምንም። እኛም አናይም።"

ደገፉ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆየሁ። ቁጭ ብለን ጉሙን ጠበቅነው። አልተነሣም። ብርድ ሲያንዘፈዝፈን ወረድን።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

አቶ ብሩ ልጁን ሊወስድ መጣ። በእነዚህ ሳምንታት እየመጣ ሲጠይቃት ከደጅ ነበር የሚመለሰው፤ ከደገፉ ጋር ይነጋገራል፣ ለእኔ ራሱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ አንድ ቃል አውጥቶ አያውቅም። ዛሬም ቤት አልገባም። አውቶቡስ ተራ ድረስ አብረን ሄድን። ትዕዛዝ ደብተሮቿን ራሷ ያዘች፣ በቀኝ እጇ።

ረዳቱ "ሃላሌ! ሃላሌ!" እያለ ይጣራል። አቶ ብሩና ደገፉ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

"ለገና እኛ ዘንድ ትውላለህ" አለው በወላይትኛ። "ዘንድሮ ጥሩ አዝመራ ነው። የገደሉን ነፋስ ትሰማለህ።"

"በምን እመጣለሁ?" አለ ደገፉ።

"በአውቶቡስ!"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ወደ ኋላ ብዬ የትዕዛዝን ነጠላ አስተካክላለሁ፤ የተስተካከለ ነጠላ ነው። አቶ ብሩ የአውቶቡሱን ደረጃ ወጣ። ከዚያ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ተመልሶ ወረደ። ፊቴ ቆመ። ወላይትኛ እንደምችል ያውቃል፤ እሱ ግን ለቢሮና ለገበያ የያዛትን ትንሽ አማርኛ ፈለገ፤ ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው።

"አንቺ" አለኝ፣ ደገፉን በአገጩ እያመለከተ። "መንገድ አንቺ ምራው።"

እጁን ዘረጋልኝ። ሻካራ፣ ሞቃት እጅ ነው። "እሺ" ብቻ ነው ያልኩት።